የሆደ ብረት ዘር

ቧንቧ በቀጭኑ ተከፍቶ ውሃ ብረት ድስት ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ምሥራቃዊ ዳር ላይ የነበረው ጠባብ አፓርታማችንና ኩሽናው ሲንክ ውስጥ የሚዘፈዘፈው የእናቴ ግብጦ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ግብጦ ጠፍጠፍ ያለ ነጭ ጥራጥሬ ነው፤ ላላወቀበት ሰው መራራነቱ ብቻ ሳይሆን መርዝነቱም የታወቀ ነው። እናቴ ባደገችበት በጎጃም ሰዎች ቀቅለው፣ በከረጢት ቋጥረው፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭነውበት ውሃው ምሬቱን ጠርጎ እስኪወስደው ድረስ ይተዉታል። እኛ ወንዝ ስላልነበረን እናቴ ቧንቧውን እንደ ክር አቅጥና ከፍታ ትተወው ነበር፤ አባቴም ከሥራ ሲመለስ ይዘጋው፣ እሷም ተነስታ ትከፍተው ነበር።

ገና ምሬቱ ሳይወጣለት አንድ ፍሬ ቆንጥራ ትቀምሰውና ሳትተፋ ትውጠው ነበር። እኔና አባቴ ግን አንድ ብንቀምስ ምላሳችን ተሳስሮ ወደ ሲንኩ እንሮጥ ነበር። እሷም እየሳቀች «እኔ እኮ የሆደ ብረት ዘር ነኝ» ትል ነበር። ሆደ ብረት የቅድመ አያቷ የቅጽል ስም ነው። በአንድ የረሃብ ዘመን በቤት ውስጥ ከግብጦ በቀር የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቶ፣ ልጆቹ ምሬቱ እስኪወጣ መታገሥ አቅቷቸው እንደተቀቀለ በሉትና፣ ወንድሞቿና እህቷ ራሳቸውን ስተው ወድቀው ሲሞቱ እሷ ብቻ አስመልሷት ተረፈች። የአገሩ ሰውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆደ ብረት አላት። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እንደ ጀግና ታሪክ አድርጋ ነበር፤ እኔም እንደ ጀግና ታሪክ አድርጌ ሰማሁት።

ወረርሽኙ የገባ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ጸደይ የመጣው ትምህርት ቤቱን ዘግቶ ነው። እናቴ ከኮሎምበስ ጥግ ባለችው ደብሊን ውስጥ ቢሮዎች ታጸዳ ነበርና ቢሮዎቹ ባዶ ሲቀሩ እሷም ቤት ቀረች። አባቴ ግን ግሮቭ ሲቲ ካለው ዌርሃውስ፣ ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ አልቀረም፤ ሰዉ ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ዕቃ ያዝ ስለነበር እንዲያውም ኦቨርታይሙ በዛበት። ሲመለስ ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ፣ ማንንም ሳይነካ ቀጥ ብሎ ሻወር ይገባ ነበር፤ እኔም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ውሎዬን በእንግሊዝኛ እየለፈለፍኩ እጠብቀዋለሁ፣ እሱም ከውሃው ስር ሆኖ በአማርኛ ይመልስልኛል።

በበጋው መጀመሪያ እናቴ ማርገዟን አወቀች። ከእኔ በኋላ ለብዙ ዓመታት ልጅ አልመጣላቸውም ነበር፣ ስለዚህ ነገሩ ለሦስታችንም እንደ ተአምር ሆነ። አባቴ ሰው እንዳይሰማብን ከልክሎን ነበር፤ ነገር ግን ራሱ ሳምንት አልቆየም፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ ነገራት። እትዬ አስካለ እኛን ቀድማ አሜሪካ የገባች፣ ልጆቿ አድገው ወደየስቴቱ የሄዱባት መበለት ነበረች፤ በር ላይ ቆማ እልል ስትል ከላይ ቤት ያሉት ሰዎች በመስኮት ብቅ አሉ።

መጸው ሲገባ አባቴ መንጋጋውን ታመመ። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ለሥቃዩ ኮዴይን ያለበት ክኒን ተሰጠው። እሱ ግን ክኒኑን ቢውጥም ጉንጩን በእጁ ደግፎ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲመላለስ ይውል ነበር፤ በመጨረሻ ከክኒኑ ይልቅ ያስታገሰው እትዬ አስካለ ያመጣችለት ቅርንፉድ ነው። «ይሄ ውሃ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብሎ ብልቃጡን ወደ ኩሽናው ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ወረወረው። ሁላችንም ረሳነው።

ወንድሜ በጥር፣ በረዶ መንገዱን በዘጋበት ሳምንት ተወለደ። ምጡ አልገፋ ብሎ እናቴ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች። በወረርሽኙ ምክንያት ከአባቴ በቀር ማንም ሆስፒታል መግባት ስላልተፈቀደለት፣ እኔ እትዬ አስካለ ቤት ሆኜ የወንድሜን ፊት መጀመሪያ ያየሁት በስልክ ነው። ስሙን አባቴ ናሆም አለው። ወደ ቤት ሲመጡ እናቴ ደረጃውን የወጣችው በአባቴና በእትዬ አስካለ ተደግፋ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየቆመች ነበር። አልጋ የነበረን በአንደኛው ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ሰው አደራ ባስቀመጠብን ዕቃና በካርቶን ስለተሞላ፣ አራታችንም በአንድ ክፍል እንተኛ ነበር።

አራስ ጥየቃ የሚመጣ አልነበረም። ገንፎውን እትዬ አስካለ ማስክ ደራርባ እየመጣች ታገነፋላት፣ ገላዋን ታጥባት፣ ልጁን ታስታቅፋት ነበር። ሌላው ዘመድ ሁሉ በቪዲዮ ነበር። የሆስፒታሉ የሕመም ማስታገሻ ሲያልቅ ግን የእናቴ ቁስል ገና አልደረቀም ነበር። ልጁን ለማንሳት ስታጎነብስ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ስታስል ሆዷን በትራስ ትደግፋለች። አባቴ ደጋግሞ ክሊኒኩ ኮል አደረገ፤ ሙዚቃ እያሰሙት ያቆዩትና በመጨረሻ በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም በቪዲዮ እንደሚያያት ነገሩት። ስልኩን ዘግቶ፣ ወንበር ስቦ ወጣና ያንን ብልቃጥ አወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«የኔ የጥርስ መድኃኒት። ለጊዜው ያዝ ያደርግልሻል።»

«ወተቴ ውስጥ አይገባም?»

«የሺ፣ እኔን እንኳ ምንም አላደረገኝም» አላት አባቴ፣ ውሃ እየቀዳላት። «ጥርሴን ማስታገስ ያቃተው መድኃኒት ልጁን ምን ያደርገዋል?»

ወሰደችው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተነስታ ራሷ ሻይ ስታፈላ አየኋት፤ ከወለደች ጀምሮ እንዲህ ፊቷ ፈክቶ አይቻት አላውቅም ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ነፍስ ዘራሁ» አለችው ማታ፤ አባቴም ደስ ብሎት በየስድስት ሰዓቱ እንድትወስድ በስልኩ ደወል ሞላላት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆነች። ቁጭ ብላ ስታወራ ዓይኗ ይከደናል፣ ማንኪያ ይዛ ትደነግዛለች። እትዬ አስካለም «አራስ ነሽ፣ ተኚ እንጂ! ማን ከለከለሽ?» እያለች ትራሷን ታመቻችላት ነበር። ማናችንም ሌላ ነገር አላሰብንም፤ ስንት ሳምንት ያልተኛች ሴት አገግማ ተኛች አልን።

ናሆምም ተኛ። መጀመሪያ ላይ ቤቱን ያናውጥ የነበረው ልጅ ጸጥ አለ። ጡት ይዞ ጥቂት ይስብና አፉ ላይ እንደያዘ ያንቀላፋል፤ እኛም ጠገበ እንል ነበር። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልቅሶ እንኳ አያስቸግርም እያልን ለደወለው ሁሉ እናወራለን። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ይቀርበውና ጉንጩን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ያነጋግረዋል፤ ልጁም ዓይኑን በግማሽ ገልጦ መልሶ ይከድናል። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ልጁን ታቅፋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችውና ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀለሙ ደስ አላላትም። «የዚህ ልጅ እንቅልፍ በዛ» አለች፤ «ዓይን ነው። በዚህ ስልክ ለሁሉም አታሳዩት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመድ በቪዲዮ ሲደውል እናቴ ፊቱን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ክፉውን ከውጭ እንጠብቅ ነበር።

የሆነው በጠዋት ነው። አባቴ ሥራ ሄዷል፣ እኔ ሳሎን ላፕቶፔን ከፍቼ የሒሳብ ትምህርት ላይ ነኝ፣ ውጭ በረዶ ይወርዳል። እናቴን ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት ጡቷ ነው፤ ልጁ ስላልጠባ አግቶ፣ ፈስሶ፣ ሸሚዟንና አንሶላውን አርሶት በሕመም ነቃች። ድምጿን ስሰማ የተናገረችው ስሙን ብቻ ነበር። ሮጬ ስገባ አልጋው ላይ ተንበርክካ አቅፋዋለች፣ ጡቷን አፉ ውስጥ ለመክተት ትሞክራለች፣ ወተቱ በጉንጩ ላይ ይፈስሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ናይን ዋን ዋን የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋ በስልክ የምትለኝን ወደ አማርኛ እየመለስኩ እናቴ ደረቱን በሁለት ጣቷ እንድትጫን ነገርኳት፤ እሷም የነገርኳትን ሁሉ አደረገች። የአምቡላንስ ሰዎች የጫማቸውን በረዶ ይዘው ገብተው ከእጇ ሲወስዱት፣ አንደኛው ሰውዬ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ዕድሜዬን ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ «ሌላ አዋቂ ሰው ቤት ውስጥ አለ?» አለኝ። እትዬ አስካለን ልጠራ በካልሲ በበረዶው ላይ ሮጥኩ። አባቴ ከግሮቭ ሲቲ የዌርሃውሱን አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰ ሲደርስ ልጁን ወስደውታል።

ናሆም ክርስትና ሊነሳ አርባ ቀኑ አልሞላም ነበርና ፍትሐት አልተደረገለትም። ቄሱ መጥተው፣ መስቀላቸውን በካፖርታቸው ውስጥ ይዘው፣ ከእኛ ጋር ቆመው አለቀሱ። በወረርሽኙ ምክንያት ከጥቂት ሰው በላይ መቆም አይቻልም ነበር፤ ሌላው ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ነበር ያየን። ከቀብር መልስ እትዬ አስካለ እናቴን መኝታ ቤት አስገብታ፣ ወተቱ እንዲደርቅ ጡቷን በነጠላ አጥብቃ አሰረችላት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አየኋቸው፤ እትዬ አስካለ በጉልበቷ ተደግፋ ነጠላውን ትስባለች፣ እናቴ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ትቆማለች። ወተቱ ግን ለብዙ ቀን መምጣቱን አላቆመም።

በጸደይ ቤታችን ጠያቂ በዛበት፤ ለልቅሶ የመጣ ግን አልነበረም። በልጁ ደም ውስጥ ሞርፊን ተገኝቷል ተባለ። አንድ መርማሪና አንዲት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ መጥተው ቁም ሳጥኑን፣ ፍሪጁን፣ የፍራሹን ስር ሳይቀር አዩ። ሴትዮዋ እኔን ለብቻዬ በረንዳ ላይ አውጥታ፣ እናትና አባቴ የሚያጨሱት ወይም የሚወጉት ነገር እንዳለ በትሕትና ጠየቀችኝ። አባቴ ብልቃጡን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይሄ ብቻ ነው የወሰደችው፤ ይሄ ሞርፊን አይደለም፤ እኔ ስወስደው ምንም አላደረገኝም» ይል ነበር፤ እኔ እተረጉምለታለሁ፣ እሱ መልሶ ያንኑ ይላል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሹክሹክታ ጀመረ፤ በቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያ ላይ ሰላም የሚሉን ሰዎች ቀነሱ። እትዬ አስካለ ብቻ፣ ማን ምን እንዳለ ሳትነግረን፣ በየእሑዱ ከእናቴ ጎን ትቆም ነበር።

መልሱን ያገኘነው መጸው ላይ ነው። የእናቴና የአባቴ ምራቅ ተወስዶ ተመርምሮ ነበርና አንዲት ሐኪም ቢሮዋ ጠራችን። አስተርጓሚው በስልክ ነበር፣ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ የሚመጣ አንድ ጨዋ ሰው። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው ሕመም የሚያስታግሰው አለች ሐኪሟ። ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ጥቂቱን ይለውጣል። አባቴ ያ የሚለውጠው ነገር በሰውነቱ ውስጥ ስለማይሠራ መድኃኒቱ እንዲሁ ያልፋል፤ ስለዚህ ነው ጥርሱን ያላስታገሰው። እናቴ ግን ያ የሚለውጠው ነገር ከሌላው ሰው በላይ ስላላት ክኒኑን በጥድፊያ ወደ ሞርፊን ለውጣ ወተቷ ውስጥ ጨምራዋለች። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ሲተረጉም ቆይቶ «ችግሩ ከዘርዎ የመጣ ነው» ሲል እናቴ ከወንበሯ ተነሳች።

«ዘሬ ምን ሆነ? ዘሬ መርዝ ነው ነው የምትሉኝ?»

በእኛ አገር ዘሩ እንዲህ ነው መባል ምን እንደሆነ ሐኪሟ ልታውቅ አትችልም። እኔ አወቅሁ፣ ምክንያቱም የእናቴን ፊት አየሁ፤ ልጇን በዓይኗ በልታለች የተባለች ሴት ፊት ነበር። አስተርጓሚው ደንግጦ «ዘረ መል፣ ዘረ መል ማለቴ ነው» እያለ ከስልኩ ውስጥ ይማጸን ነበር። ሐኪሟ ነገሩ ሲገባት ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠጋችና ቀስ ብላ ተናገረች። በሽታ አይደለም አለች፤ እንዲያውም ጥንካሬ ነው። በኢትዮጵያና በአካባቢው ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዙ ሰው ላይ ይገኛል። ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግን ሰዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት፣ በተለይ በረሃብ ጊዜ፣ መራራና መርዛማ ተክል እየበሉ ሲኖሩ፣ መርዙን ቶሎ አፍርሶ የሚያስወጣ አካል ያላቸው ተርፈው ስለወለዱ ነው ብለው ይገምታሉ። የምግብ ልማድ ሰውነትን፣ ሰውነትም የምግብ ልማድን እየቀረጹ አብረው ይሄዳሉ፤ አሁንም አልቆመም አለች። ያ አካል ግን ቅጠልና ጥራጥሬ እንጂ ክኒን አያውቅም ነበር።

እናቴ ወንበሯ ላይ መልሳ ተቀመጠች። ከዚያ በአማርኛ፣ ለሐኪሟም ለስልኩም ሳይሆን ለአባቴ፣ «ሆደ ብረት» አለችው። አባቴ አንገቱን ደፋ። አስተርጓሚው ቃሉን አልሰማውም መሰለኝ፤ ይድገሙልኝ አለ። ማናችንም አልደገምንለትም። እናቴ ሐኪሟን «እንግዲያው እነሱን ያተረፋቸው ነው የኔን ልጅ የገደለው?» ብላ ጠየቀቻት፤ ይህን አስተርጓሚው በደንብ አድርጎ ተረጎመው። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

የእኔም ምራቅ ተመረመረ፤ በእናቴ ወጣሁ።

ምርመራው ተዘጋ፣ ጥፋት የለም ተባለ፣ ያቺ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛም ደውላ አዝናለሁ አለች። እውነቱ ሲታወቅ ሸክሙ የሚቀልል መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለም። እናቴ ወተቴ ነው ትል ነበር፣ አባቴ ምንም አይልም ነበር። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ማን ወንበር ስቦ እንደወጣ በቤታችን አይነሳም። ክረምቱ ሲገባ አባቴ ዌርሃውሱን ለቀቀና የረጅም መንገድ የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋ ነበር። ሲመጣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ስንቅ ትቋጥርለታለች፣ ሲወጣ መንገዱን ትባርክለታለች፤ ተቀምጠው ግን አያወሩም። እኔ መሃላቸው ሆኜ ከአንዱ ወደ አንዱ እመላለስ ነበር፤ ሁለቱም አማርኛ ይችላሉ፣ አስተርጓሚ ያስፈለጋቸው ግን ያኔ ነው።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ በፈረንጆቹ 2022 የካቲት፣ መቃብሩ ሄድን። በረዶው የሕፃናቱን ሁሉ ድንጋይ ሸፍኖት የናሆምን ለማግኘት አባቴ በእጁ እየጠረገ በጉልበቱ ሄደ። ሲያገኘው ሳይነሳ እዚያው ቀረ።

«የሺ» አለ፣ ሳይዞር። «እኔን ትንሽ ቢያስተኛኝ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር። ምንም ስላላደረገኝ ነው።»

እናቴ ከኋላው ቆማ ነበር። «አውቃለሁ» አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጁን ከበረዶው ውስጥ አወጣችና የራሷን ጓንት አውልቃ አለበሰችው፤ ጠበበው፣ ግማሽ ጣቱ ውጭ ቀረ። ወደ መኪናው ስንመለስ ከፊት የሄዱት ሁለቱ ናቸው፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ይቅር ተባባሉ ማለት አልችልም። አባቴ መንዳቱን አልተወም፤ እናቴም ሌላ ልጅ አልወለደችም።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ሉዊስ ሴንተር ቤት ገዝተን ገባን። አሁን ኮሌጅ የምሄደው ከዚያ ነው። ሐኪም ቤት ስገባ ሕመሜን ከመናገሬ በፊት የትኛው መድኃኒት ለእኔ እንደማይሆን እናገራለሁ፤ ነርሷ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ትጽፋለች፣ በዚያው ያበቃል። በልጅነቴ ማንም ይህን ጠይቆን አያውቅም ነበር፣ ብንጠየቅም የምንመልሰው አልነበረንም። ያኔ በዚያች ጠባብ ክፍል አራታችን ተኝተን፣ የማን ትንፋሽ የማን እንደሆነ በጨለማ እለይ ነበር። አሁን ሁላችንም የየራሳችን ክፍል አለን፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ በሮቹ በደንብ ይዘጋሉ፣ ምንም አይሰማም። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የእናቴ መኝታ ቤት በር ላይ እቆማለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ስትተነፍስ እስክሰማ ድረስ እቆያለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።